የመኪና ቀለም በራያ ቆላ፦ ከወልድያ እስከ ቆቦ

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የመኪና ቀለም ቶሎ የሚያረጅበት መንገድ ነው። ወልድያ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ ከእርሷ ወርዶ አላውሃ ወንዝን ሲሻገር ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱና አቧራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ በጎብዬ ውሎ የሚያድር መኪና መልኩን መጀመሪያ የሚያጣው በበሮቹ ሳይሆን ወደ ሰማይ በሚያዩት በኮፈኑና በጣሪያው ነው። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ሜዳው አቧራ ያነሳል። አቧራው ከተራራው በጎርፍ የወረደ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ስለሆነ ከቀለሙ ይጠነክራል፤ በደረቅ ጨርቅ የሚጠርገው ሰው መኪናውን ይፍቀዋል።

ቀለም በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ መልክ የሚሰጠው ዱቄትና ዱቄቱን አጣብቆ ከላሜራው ጋር የሚያይዘው ማጣበቂያ። የፀሐይ ጨረር የሚበላው በአብዛኛው ማጣበቂያውን ነው። ማጣበቂያው ከላይ ሲበላ ዱቄቱ ያለ መያዣ ይቀራል፣ ገጹ ይሻክራል፣ የሚያርፍበትም ብርሃን ይበታተናል፤ ያኔ ቀይ የነበረው ሮዝ፣ ጥቁሩም ግራጫ ይመስላል። በእጅ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ ይለቅቃል። ይህ የሞተ ገጽ ግን በጣም ስስ ነው፤ ከስሩ ያለው ቀለም ገና ጤነኛ ነው። በባለቤቱ ግቢ የሚሠራ የቀለም እድሳት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የሞተው ተፍቆ ይነሳል፣ ከስሩ የወጣው ይለሰልሳል፣ በላዩም መከላከያ ይቀባል። ሥራው በግቢ ይሠራ ወይስ ጋራዥ ይግባ የሚለውን በየዘመኑ የወሰነው የባለቤቱ ትጋት ወይም የኪሱ ሁኔታ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የወሰነው የማጣበቂያው ዓይነት ነው፤ የመኪና ቀለም ታሪክም በአመዛኙ የማጣበቂያ ታሪክ ነው።

ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሌይ ነበር። የዚያ ዘመን መኪና ቀለሙን የወረሰው ከፈረስ ሠረገላ ነው። የተልባ ዘይትና ቫርኒሽ ያለበት ቀለም በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ቀናት ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል፤ አንድ መኪና ቀለሙ ተጠናቆ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪናውን ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ብቻ ያወጣው በምድጃ የሚደርቀው ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ ስለነበረ ነው። አዝጋሚው የዘይት ቀለም አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ ብሩሽ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ፣ የትም ቦታ ሆኖ፣ ያለ መሣሪያ ሊቀባው ይችል ነበር።

ወደ ራያ ሜዳ ተሽከርካሪ በብዛት የገባው በጦርነት ነው። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በኋላ የጣሊያን ጦር ወደ ደቡብ ወርዶ ሚያዝያ ላይ ደሴን ያዘ። ከደሴ የተነሳው ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ያሉት ሰልፍም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በወረራው አምስት ዓመታት ከአሥመራ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጎዳና ተሠራ። ከአላማጣ በላይ ያለው የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ መንገድና ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በጎዳናው የተመላለሱት የፊያትና የላንቻ ካሚዮኖች በአብዛኛው የጣሊያን ጦር አረንጓዴ ግራጫ ለብሰው ነበር።

የጦር ቀለም የሚሠራው እንዳያብረቀርቅ ታስቦ ነው። ከማጣበቂያው ይልቅ ዱቄቱ ይበዛበታል፤ ገጹም ሻካራ ሆኖ ብርሃን ይበትናል። ባህርዩ ይህ በመሆኑ ቢፈገፍጉትም አያበራም፤ የሚያበራ ነገር የለውም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ የቀሩት ካሚዮኖች በግለሰቦች እጅ ገብተው እህልና ጨው መጫን ሲጀምሩ ግራጫውን በሌላ ቀለም ከመሸፈን ውጪ ምርጫ አልነበረም። ጥገናውን የያዙት በደሴና በአሥመራ ጋራዦች የቀሩ ጣሊያኖችና ከእነርሱ ሙያውን የቀሰሙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በወሎ ጋራዦች የሚሰሙት በዚህ የተነሳ ነው። ሙያውም የሚተላለፈው ያኔ በተለመደው መንገድ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ ያጥባል፣ ቀጥሎ በውኃ ይፈገፍጋል፣ ስቱኮ ይለስናል፣ ቀለም የሚነካው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ በውጭው ዓለም የቀለሙ ነገር ከስር ተለውጦ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለባሩድ ሲመረት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ ጦርነቱ ሲያበቃ ሌላ ሥራ ተፈለገለት። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በ1923 እ.ኤ.አ. ዱኮ በሚል ስም የመኪና ቀለም አድርጎ አወጣው፤ መጀመሪያ የለበሰውም የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ ሲሆን ሰማያዊ ነበር። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት አለቀ። በብሩሽ እንዳይቀባ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ የቀለም መርጫው ከኮምፕሬሰሩ ጋር ወደ ሙያው ገባ። በውኃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ስሪ ኤም ኩባንያ ወጣ፤ እስከዚያ በደረቁ ሲፈገፈግ ይነሳ የነበረው እርሳስ ያለበት ብናኝ የቀቢዎችን ሳንባ ይጎዳ ነበር። የወረቀት ፕላስተሩም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። በሁለት ቀለም የሚቀቡ መኪኖች ፋሽን በሆኑበት ጊዜ ቀቢዎች ጋዜጣ በሙጫ እየለጠፉ ሲያነሱት ቀለሙን ይዞ ይላጥባቸው ስለነበር፣ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ሪቻርድ ድሩ በ1925 እ.ኤ.አ. ሳይጎዳ የሚላጠውን ሠራ። ጋዜጣው ግን ከሙያው አልወጣም፤ ዛሬም መስተዋትና መብራት የሚሸፈነው በአሮጌ ጋዜጣ ነው።

ናይትሮ፣ ሠራተኞቹ ባጭሩ እንደሚጠሩት፣ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባው በጣሊያኖች በኩል ነው። ለቤት ሠራተኛ ከእርሱ የበለጠ የሚመች የመኪና ቀለም ከዚያ በፊትም በኋላም አልመጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚደርቀው ቲነሩ ስለሚተን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የራሱ ቲነር ሲነካው ይቀልጣል። አዲስ የተቀባው ከአሮጌው ጋር ተዋህዶ አንድ ይሆናል። የተጫረ ቦታ በትንሽ ብሩሽ ጠብ እየተደረገ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ በውኃና በደቃቅ ወረቀት ተስተካክሎ፣ ከዚያ ሲወለወል ድንበሩ አይታይም። ከመርጫው ሲወጣ ራሱ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከእጅ ነው። አዲስ መኪናም ሆነ አሮጌ መወልወል ነበረበት፤ ልማዱም ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው።

የናይትሮ ጉድለት ደግሞ በቆላ ይብሳል። እያንዳንዱ ንብርብር ስስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መደራረብ ይፈልጋል፤ በዝቶ ሲደራረብ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በሙቀት ቲነሩ ከመርጫው አፍ እስከ ላሜራው ባለው ጥቂት ርቀት ውስጥ ተኖ ያልቅና ቀለሙ ደርቆ እንደ ብናኝ ያርፋል፤ ገጹም ይሻክራል። በደጋ፣ በክረምት እርጥበት፣ ያው ቀለም ጭጋግ የመሰለ ነጭ ያወጣል። በራያ ሜዳ የክረምቱ ዝናብ ከሐምሌና ነሐሴ ብዙም ስለማያልፍ ይህኛው ችግር እምብዛም ነው፤ ሙቀቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ቆላ ላይ ቀለም የሚረጨው ማልዶ፣ ላሜራው የሌሊቱን ቅዝቃዜ ሳይለቅና ነፋሱ ሳይነሳ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው።

መወልወሉ ራሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፣ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። አንደኛው መፋቅ ነው፤ ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቅባት በእርጥብ ጨርቅ እየተሸ የሞተውን ገጽ ያነሳል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ የተነሳው ቀለም ራሱ ነው፤ በናይትሮና ቀጥሎ በሚነሳው አሮጌ ኢናሜል ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው መሸፈን ነው፤ ሰም ቀለሙን አያድስም፣ በላዩ ስስ መጋረጃ ይሆናል። ወሎ ማር የሚቆረጥበት አገር ነው፤ ኢትዮጵያም በአፍሪካ ከፍተኛ ሰም አምራች ናት። የንብ ሰም ግን ለዚህ መንገድ አይበቃም። የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲሆን ጥቁር ኮፈን በቆላ ቀትር ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል፤ ሰሙ ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል። በውጭ የሚሠሩት የመኪና ሰሞች ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘውን ካርናውባ የሚጨምሩት ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ ነው።

ከናይትሮ ጎን ለጎን ሠራተኞች ሲንተቲክ የሚሉት ኢናሜል መጣ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ሳይወለወል ያበራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ንብርብር ይሸፍናል፣ በብሩሽም ይቀባል። የዘይት ቀለም ያስገኘው የቤት ሥራ ነጻነት በዚህ ተመለሰ። ክፉ ጎኑ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው፤ በጎብዬ ሜዳ ለሰዓታት እርጥብ የሚቆይ ቀለም ማለት አቧራና ዝንብ የሚያርፍበት ቀለም ማለት ነው። መፍትሔው ቀላልና የቆየ ነው፤ ግቢው ውኃ ይረጫል፣ መኪናው ከአጥርና ከዛፍ ይርቃል፣ ከተቀባ በኋላ ማንም ዙሪያውን አይመላለስም። ከግራር ጥላ ስር መቀባት ለሠራተኛው ይመቻል፤ ለቀለሙ ግን ሙጫና የወፍ ኩስ ይዞ ይመጣል።

የጭነት መኪናው ቀለም በዚህ ኢናሜል የራሱን ዓለም ፈጠረ። ከ1950ዎቹና 60ዎቹ ጀምሮ የሰሜኑን መንገድ የያዘው ፊያት፣ በተለይ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ባለ ተሳቢ፣ ካሶኒው በብሩሽ ይቀባ ነበር። ጋቢናው ጋራዥ ገብቶ በመርጫ ሲሠራ የካሶኒው እንጨትና ብረት በመናኸሪያ ዳር፣ ጭነት በሚጠበቅበት ቀን፣ በረዳቱ እጅ ይታደሳል። የከተማው የማስታወቂያ ጸሐፊ ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ ይመጣና የቅዱሳንን ስም፣ ማሻአላህን፣ ተረትና ምክርን ይጽፍበታል። ራያ ሁለቱም ሃይማኖቶች ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር ስለሆነ በአንድ መንገድ ሁሉም ዓይነት ጽሑፍ ያልፋል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሣሪያዎች ደግሞ የራሳቸውን ቢጫ ይዘው መጡ፤ ካተርፒላር ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሽኖቹን በመንገድ ላይ ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ይቀባ ነበር።

እጥበቱ የረዳቱ ሥራ ነው። አላውሃና ጎሊና ውኃ ሲኖራቸው መኪና ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከተማ ውስጥ ላቫጆ አለ። ሞተርና ቴላዮ በናፍጣ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ቅባትን በቅባት ያነሳልና ለብረቱ ክፉ አይደለም። ከቴላዮ አልፎ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ በቀለሙ ላይ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የሞተው ገጽ ዘይት ሲጠጣ ለጊዜው ይጠቁርና ያበራል፤ ገበያ የሚወጣ መኪና እንዲህ ሆኖ ገዢ አታሏል። በማግስቱ አቧራው ይጣበቅበታል፣ የበርና የመስተዋት ጎማዎች ያብጣሉ፣ በኋላ ቀለም ልቀባ ያለውም ሰው ቀለሙ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ እያወጣ ይሸሽበታል። ኦሞም እንዲሁ ነው፤ ቅባት ለማውጣት የተሠራ ስለሆነ ሰሙን ጠርጎ ይሄዳል። የጉድጓድ ውኃ በፀሐይ ደርቆ የሚተወው ነጭ ነጥብ የማዕድን ቅሪት ነው፤ በጥላ ታጥቦ ወዲያው ቢደርቅ አይፈጠርም።

በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ መንገዱ ሌላ መልክ ያዘ። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን፣ የቀይ መስቀልና የተባበሩት መንግሥታት ተሽከርካሪዎች እህል ይዘው ወደ አላማጣና ወደ ኮረም ሲመላለሱ ነጭ የቆላው መደበኛ ቀለም ሆነ። ነጭ የተመረጠው ለመለየት ቢሆንም ለአገሩ ይስማማ ነበር፤ ሙቀት ይመልሳል፣ ጋቢናውም ከጥቁሩ ይቀዘቅዛል። የዘመኑ ነጭ የሚሠራው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። እርሱም በፀሐይ ዱቄት ያወጣል፤ ነገር ግን ነጭ ዱቄት በነጭ ቀለም ላይ አይታይም፣ ዝናብ ሲመጣም ታጥቦ ይሄዳል። ነጭ ላንድክሩዘር ለዓመታት አዲስ መስሎ የሚቆየው ስለማያረጅ አይደለም፤ እርጅናው ስለማይታይበት ነው። የቀይ መኪና ባለቤት ይህን እድል አያገኝም፤ ብዙዎቹ ቀይ ቀለሞች ከዱቄታቸውም በኩል ይደበዝዛሉ።

በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር አዲስ መኪና እንደ ልብ አልገባም፤ ያለው ይታደስ ነበር። ቀደም ሲል በሰፈሪያን ኩባንያ በኩል የገባው ቮልስዋገን፣ ቮልስ፣ በከተሞች የቤት እድሳት ዋና መኪና የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ፓራፋንጎዎቹና በሮቹ በብሎን የሚፈቱ ስለሆኑ ባለቤቱ አንዱን ክፍል ነቅሎ በረንዳ ላይ አሳርፎ ሊያድሰው ይችላል። የአዲስ አበባው ላዳ ታክሲም ሰማያዊና ነጩን ይዞ ከባለንብረት ባለንብረት ሲዞር ሰማያዊው በየቀቢው ዓይን እየተቀላቀለ የተለያየ ሰማያዊ ሆነ። ቀለም በዓይን ማዛመድ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ቀቢው ጥቂት ቀለም በላሜራ ቁራጭ ላይ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከመኪናው ጎን በጥላም በፀሐይም ያየዋል፤ ሲደርቅ መልኩ እንደሚለወጥ ያውቃልና። ከአሮጌ መኪና ጋር የሚዛመደው ፋብሪካው የቀባው ቀለም ሳይሆን ፀሐይ ያስረጀው ነው፤ በኋላ የመጣው የኮምፒውተር ቅመማም ብቻውን ይህን አይፈታም።

ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ የዚህ የላሜራ ባህል ቀጥተኛ ልጅ ነው። የአይሱዙ የጭነት ቴላዮ ተወስዶ የአውቶቡስ አካል በአገር ውስጥ ይገነባበታል፤ ላሜራው በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ፣ በስቱኮ ተስተካክሎ ይቀባል። ከወልድያ ቆቦና አላማጣ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት ለረጅም ጊዜ እነዚህ ነበሩ። የእጅ ሥራ ላሜራ ከፋብሪካው የበለጠ ስቱኮ ይሸከማል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ስቱኮው በወፍራሙ ቦታ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ዝገቱ ከስር ይሠራል። ዝገት ገና እንደ አረፋ ብቅ ሲል በላዩ መቀባት ጥቂት ወራት ያስገኛል፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ስቱኮ በስሱ ገብቶ፣ በውኃ ተፈግፍጎ ሲቀባ ግን ለዓመታት ይቆያል። የመጀመሪያው መንገድ የተለመደ መሆኑ አያስገርምም፤ አውቶቡስ ቆሞ የሚውልበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም የተስፋፋው ለውጥ ደግሞ የቤቱን ሥራ እንደገና አጠበበው። መልክ የሚሰጠው ቀለም በስሱ ይቀባና በላዩ ምንም ዱቄት የሌለበት ብርጭቆ መሳይ ሽፋን ይመጣል፤ ብርሃኑም መከላከያውም ያ ሽፋን ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ጠቅላላ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ብርጭቆ መሳዩ 40 ወይም 50 ብቻ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። በናይትሮ ዘመን እንደ ልብ ይፈገፈግ የነበረው እጅ እዚህ ቶሎ ዳር ይደርሳል። በኮፈኑ ጠርዝና በበሩ ስብራት ላይ ሽፋኑ ይበልጥ ስስ ስለሆነ በመጀመሪያ የሚበሳው እዚያ ነው። ጨርቁ ላይ ቀለም ከመጣም፣ በናይትሮ የሥራው ምልክት የነበረው፣ እዚህ ሽፋኑ ማለቁን ያመለክታል። ፀሐይ ሽፋኑን ከበላችው ደግሞ ዱቄት አያወጣም፤ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይላጣል። በዚህ ደረጃ ፓሊሽ አይረዳም፤ ጣሪያው እንዳለ ተፈግፍጎ እንደገና መቀባት አለበት።

እንደገና የሚቀባበት ቀለም ደግሞ ማጠንከሪያ ተጨምሮበት በኬሚካል የሚጠነክር ነው። ቤንዚንና ፀሐይ ይችላል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት አለበት። በመርጫ ሲረጭ ጉሙ ሳንባ ገብቶ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ የአቧራ ጭምብልና በአፍንጫ የታሰረ ጨርቅ አያስቆሙትም። ሥራው ትክክለኛ ጭምብልና አየር የሚያወጣ ክፍል ይፈልጋል፤ ሰው በሚኖርበት ግቢ መርጨት ለጎረቤት ልጅም ይተርፋል። በአሮጌ ቢጫና ቀይ ቀለም ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሳስ ነበረ፤ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 ክፍል ላይ የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የቆየ ካሶኒ በደረቁ የሚፍቅ ሰው ብናኙን ይተነፍሰዋል፤ በውኃ መፈግፈግ እዚህም ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀው መፍትሔ ሆኖ ቀጥሏል።

ቀለም የባለቤቱ ብቻ ጉዳይም አይደለም። በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ መልኩን ሙሉ በሙሉ የሚለውጥ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ ያልተመዘገበ ቀለም በፍተሻ ኬላ የስርቆት ጥርጣሬ ያስነሳል። የባጃጅ ባለቤቶች በከተማቸው የተለመደውን መልክ፣ በአብዛኛው ሰማያዊውን፣ ይዘው የሚያድሱትም ከዚህ የተነሳ ነው። ባጃጅ በአብዛኛው ሸራና ትንሽ ላሜራ ስለሆነ እድሳቱ የግማሽ ቀን የግቢ ሥራ ነው፤ ነጂው ብዙ ጊዜ ራሱ ይሠራዋል፣ ለጥር ሠርግና ለበዓል ሲቃረብ ደግሞ ይደምቃል።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ቆቦ ሲደርስ መንገዱ ለንግድ ተዘጋ፤ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። በአንድ ቦታ ለወራት የቆመ መኪና ከሚሠራው በተለየ መንገድ ይጎዳል፤ የወፍ ኩስና የቅጠል ፍሳሽ በቀለሙ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል፣ ለመከላከያ የተጣለው ሸራም አቧራ ስሩ ገብቶ በነፋስ ሲወዛወዝ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የተቃጠለው ምልክት በፓሊሽ የሚወጣው ገና ከሽፋኑ ካላለፈ ነው።

አሮጌ መኪና ማደስን ይበልጥ አዋጭ ያደረገው የግብር ሕጉ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግሎት ላይ ቆይተው የሚገቡ ተሽከርካሪዎችን እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ዋጋው ወጣ፣ የቀለሙም ሁኔታ የዋጋው ክፍል ሆነ። ገዢዎች ኮፈኑን ከፍተው የብሎኑን ራስ ያያሉ፤ የተነካካ ብሎንና ከበሩ ጎማ ስር የተረሳ የቀለም ጉም መኪናው እንደገና መቀባቱን ይናገራሉ። በማግኔት የሚሞክሩም አሉ፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ ላሜራውን በደንብ አይዝም። ዘመናዊዎቹን ፓራውልቶች ግን ማግኔት አይመረምራቸውም፣ ፕላስቲክ ናቸውና፤ ቀለማቸውም ከላሜራው ቀለም ቀድሞ የሚላጠው ፕላስቲክ በሙቀት ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ከመቀባቱ በፊትም የራሱን ፕራይመር ስለሚፈልግ ነው።